የሽባው እግር ተረከዝ

ሰዓት ጠጋኙ ፎቅ ላይ ባለው የሥራ ክፍሉ፣ አናቱን በገዛ መዶሻው ተመትቶ፣ ከተሰበረ የዘይት ጠርሙስ አጠገብ ሞቶ ተገኘ። ዘይቱ ወለሉ ላይ ፈሷል። መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ የሟቹን ልጅ በካቴና አስረዋት ነበር። የቤቱ ተከራይ ሥራ ቦታው እንደነበር ተመስክሮለታል፤ አባቷ ፀሐይ ለማሞቅ ሲያዝለው የኖረው አጎቷ ደግሞ ቀኝ እግሩ ሽባ ስለሆነ ደረጃ አይወጣም። ስለዚህ እሷ ናት አሉ። ማሰብ የሚታክተው ፖሊስ የመርማሪዋን ደም ያፈላዋል።

አጎትየው ድሮ ተዋናይ ነበር፤ ለዚያውም ጭብጨባ የማያውቅ። ሳሎኑን በራሱ ፎቶ ሞልቶ፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንባ ያልወጣውን ዓይኑን ይጠርጋል።

«ልጅ ናት፤ ተናዳ ይሆናል። እኔ ይቅር ብያታለሁ» አለ።

መርማሪዋን ሳይጠየቅ የሚሰጥ ይቅርታ ያስጠላታል። ጎንበስ ብላ ጫማዎቹን አየች። የግራው ታጥቦ ገና አልደረቀም። የቀኙ ሶል ዘይት ይዟል።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ጠዋት አባዬ ‹ወንድሜን በሁለት እግሩ መስኮት ጋ ቆሞ አየሁት› አለኝ። ‹ዓይንህ ደክሟል› ብዬ ሳቅኩበት» አለች ልጅቷ፤ ፊቷን ሸፈነች።

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አጎትየውን ሶፋ ላይ አስተኝታ መዳፏን ከቀኝ ተረከዙ ሥር ከተተች። ቀኙን እንዲያነሳ ስትጠይቀው ፊቱን አጨማዶ አቃሰተ፤ እግሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ተከራዩ ከንፈሩን መጠጠለት። ቀጥላ የግራ ጉልበቱን በሌላ እጇ ተጭና ግራውን ያንሡ አለችው። እሱም ጤነኛውን እግር በኩራት ታግሎ አነሣ።

«ይበቃል» አለች እጇን እያወጣች። «ሰው አንድ እግሩን በኃይል ሲያነሣ፣ አንጎሉ ባለቤቱን ሳያማክር ሌላውን እግር ‹ወደ ታች ተጫን› ብሎ ያዘዋል። ትዕዛዙ በጀርባ አጥንት ወርዶ በነርቭ እግር ይደርሳል። ሽባ ቢሆኑ ኖሮ አይደርስም ነበር። የእርስዎ ተረከዝ ግን ጣቶቼን ሊሰብራቸው ምንም አልቀረው። ያጠኑት አለመንቀሳቀስን ብቻ ነው፤ ለተዋናይ እንኳ ትንሽ ነው። ደግሞ የቀኝ ጫማዎ ሶል የሥራ ክፍሉን ዘይት ይዟል።»

«ዘይቱን ሌላ ሰው ቀብቶኝ ቢሆንስ?»

«ታዲያ ግራውን ለምን አጠቡት? ቀኙን የተዉት ሽባ እግር ማን ይፈትሻል ብለው ነው። ወንድምዎ ስንት ዓመት አዝሎ ፀሐይ ሲያሞቅዎት ኖረ። ቆመው ስላየዎት ተከትለውት ወጡ። የገደሉት መታዘል እንዳይቀርብዎ ነው።»

ካቴናው ከልጅቷ እጅ ወደ እሱ ዞረ። ሁለት ፖሊሶች ከልማድ ብብቱን ይዘው ሊያነሡት ሲሉ ልጅቷ ከለከለቻቸው።

«ተዉት» አለች። «በእግሩ ይሂድ።»

ሄደም።