የታጠነው ቆርቆሮ

«ውሃ አልጨመርኩበትም» አለች ኻድራ።

አምሀ ጨምረሻል አላላትም። እውነቱን ለመናገር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቃል አልተነፈሰም። ጎንበስ ብሎ አንድ የመስታወት ዘንግ በወተቷ ውስጥ እያንሳፈፈ ቁጥር ያነባል። ችግሩ፣ ያንን የመሰለ ዘንግ ከእሱ በፊት አንድ ተቆጣጣሪ ነኝ ባይ በገበያው ይዞ ዞሮ የስንቷን ሴት ወተት መሬት አስደፍቷል።

«አውቃለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ንጹሕ ነው።»

«ካወቅህ ለምን ትነክርበታለህ?»

ይኼኔ ቀና አለ። ባይል ይሻለው ነበር። ዘንጉን እንደያዘ፣ ወተቱ በእጅጌው ውስጥ እየወረደ፣ ቁጥሩ የት ጋ እንደደረሰ ጠፍቶበት ቆመ። እኔ ደጃፌ ላይ ምስር እለቅም ነበር፤ ምስሩን ተውኩት።

ጊዜው 1979 ዓ.ም.፣ አገሩ ጅጅጋ ነው። አምሀ በጥቅምት ወር ከአዲስ አበባ መጥቶ የጎን ክፍሌን ተከራይቷል። ስለ ሥራው ስጠይቀው ጥናት ነው አለኝ፤ ወተት ከሚታለብበት እስከሚጠጣበት ድረስ በምን እንደሚበከል፣ ሰውም በምን እንደሚታመም ለማወቅ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያልዘለልኩ ሴት ነኝና፣ ወተት መበላሸቱን ለማወቅ አፍንጫ አይበቃም ወይ ብዬ ሳቅሁበት። አልሳቀም። የሚስቅ ልጅ አልነበረም። ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቶት ወተት የሚያነብ እንጂ የሚጠጣ ሰው አልነበረም።

በየጠዋቱ የወተት ሻጮቹን ይዞራል። ከእያንዳንዷ በትንሽ ጠርሙስ ይቀዳል፣ ስሟን ይለጥፍበታል፣ ከዚያ «ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል» ብሎ ይሄዳል። ሁሌም ይችኑ ነው የሚላት፤ ቃል ሳይጨምር፣ ቃል ሳይቀንስ። ሴቶቹም «ሦስተኛው ቀን» ብለው ስም አወጡለት። «ሦስተኛው ቀን መጣ» ሲሉ በገበያው ሳቅ ነው።

ኻድራ የምትኖረው ከከተማው ዳር ከእናቷ ከካልቱን ጋር ነው። ያኔ ሃያ ሁለት ወይ ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። ወተቷን የምትይዘው ሶማሌዎቹ ሃን በሚሉት፣ ከዛፍ ሥሮች ተጠልፎ በሚሠራ ዕቃ ነው። ሁለት ነገሯን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንዱ፣ ከመቅዳቷ በፊት ሃኑን በጣቷ ሦስት ጊዜ ታንኳኳና ትንሽ ትጠብቃለች፤ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል ወደ መንገዱ ታያለች። ሌላው፣ ወተት ሻጭ ሆና ወተት አትቀምስም። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ኤዶ ፀዳለ፣ ሻጭ ከጠጣ ምን ይሸጣል?» ትለኛለች። ኤዶ ማለት አክስት እንደ ማለት ነው። መልሷ ቀልድ ነው፤ ዓይኗ ግን አይቀልድም ነበር።

ከዚያች ከዘንጉ ቀን በኋላ የአምሀ ጥናት፣ ይቅር ይበለኝና፣ ወደ አንድ ደጃፍ አዘነበለ።

ምክንያት አላጣም። ወተቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ያደርጋል፤ ጀርም የበዛበት ወተት ቀለሙን ቶሎ ይበላዋል አለኝ። በቆርቆሮና በጀሪካን የመጣው ረፋድ ሳይሆን ይነጣል። የኻድራ ግን የቀትር አዛን ተብሎም ሰማያዊ ነው። ሃኑን በወይራ ፍም ስለምታጥነው ነው፤ ጭሱ ጀርሙን ይገድለዋል። አምሀ ይኼን ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር፤ ስለ ጀርም ሲያወራ ፊቱ የሚበራ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም።

«አስተምሪኝ» አላት አንድ ቀን።

በግቢዬ ተቀምጠው አስተማረችው። ፍሙን ወደ ሃኑ አስገብታ፣ አፉን ከድና፣ ነቅንቀው ሳይሆን አዙረው እያለች። ጭሱ ፊቱን ሞላው፤ እንባው ወረደ።

«ለወተት ያለቀሰ ወንድ መጀመሪያ ያየሁት አንተን ነው» አለችው።

ሳቀ። አዎ፣ ያ ልጅ ሳቀ።

ኋላም እየተረጎመችለት በጭነት መኪና እስከ ድንበሯ ከተማ እስከ ቶጎጫሌ አብራው ሄደች። ሲመለሱ አየኋቸው። ጋቢናው ውስጥ ሃኑን በመሃላቸው አድርገው፣ እንዳይፈስ በአራት እጅ ይዘውታል። ሲወርዱ ልቀበላቸው ብዬ ባነሳው ዕቃው ባዶ ነው።

መንገዱ ቀላል እንዳልነበር አላጣሁትም። እሱ ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያለበት ልጅ ነው። እሷ የካልቱን ልጅ ናት። የሶማሊያው ጦርነት ካለፈም ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በዚህ ከተማ ደግሞ በልቡ ሙት ያልቀበረ ሰው የለም። ግን ያስፈራኝ ይኼ አልነበረም። ያስፈራኝ፣ ሃኑን የምታንኳኳው ያቺ ጣት ነች።

በጥር ወር አንድ ጠዋት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። አምሀ ፊት ፈታችው። ከውስጥ የልጅ ሸሚዝ ወጣ፤ ከሸሚዙ ውስጥ ክዳን ያለው፣ ጠርዙ የታጠፈ፣ ቀለሙ የተላጠ ቆርቆሮ።

«ይኼን መርምርልኝ» አለችው። «ወተት ብቻ አይደለም አይደል የምትመረምረው?»

ከዚያ በቀስታ ነገረችን። በ1970 ከሸሹበት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ዕቃቸው በሙሉ ጠፍቷል፤ ሃኖቹ ተቃጥለዋል። እሷ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆና ቆርቆሮውን በሩ ከወለቀ መጋዘን አገኘችው። የአንበጣ መድኃኒት የሚቀመጥበት መጋዘን እንደነበር እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም አልነገራትም። ደስ ብሏት መጣች። በአሸዋና በአመድ ፈተገችው፤ እንደ ሃን አጠነችው፤ ወተት ቀዳችበት። ቆርቆሮውን ሦስት ጊዜ አንኳኳች፤ ወንድሟ ዐቦኮር፣ የአራት ዓመት ልጅ፣ እንደ ልማዱ ሮጦ መጣ። የሷንም ድርሻ ሰጠችው። ቀትር ሳይደርስ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከሰዓት በኋላ ቀበሩት።

«ጎረቤት ጂን ነው አለ» አለች። «እኔ ግን አውቃለሁ። የዚያን ቀን ቸኩዬ ነበር። አጠንኩት፣ ግን ጥቂት ነው ያጠንኩት። ጭሱ አንሶ ነው።»

እናትሽስ አልኳት። «ሆዮ ዘጠኝ ዓመት ስሙን አልጠራችም» አለችኝ።

አምሀ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ተቀበላት። ውጤቱ በሦስተኛው ቀን እንደሚደርስ ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዘጋው።

በማግሥቱ ከጠርዙ እጥፋት ሥር በምላጭ ፍቆ ነጣ ያለ ብናኝ አወጣ። ብናኙን በቅቤ ለውሶ በአንድ ጠርሙስ፣ ባዶውን ቅቤ በሌላ ጠርሙስ ቀባ። በሁለቱም ውስጥ ዝንብ አስገባ። በመስኮቱ ላይ ተቀምጠው ስለነበር እኔም አየኋቸው። ቀትር ላይ ባዶው ቅቤ ባለበት ጠርሙስ ዝንቦቹ ይበርራሉ። ብናኙ ባለበት ግን ሁሉም በጀርባቸው ተዘርግተው እግራቸው ይንቀጠቀጣል።

ይንቀጠቀጣል። ይችን ቃል ሁለታችንም በልባችን ሰማናት።

አምሀ መርዙን ውሃ እንደማያወጣው፣ ቅባት ግን ስቦ እንደሚያወጣው፣ ወተት ደግሞ ቅባት እንዳለው ነገረኝ። ከዚያ «ምን ልበላት፣ እትዬ ፀዳለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የምጽፈው ለዚህ ነው፤ መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝና። ዘጠኝ ዓመት ያለፈ ነገር ምን ይጠቅማታል አልኩት። አንቺ ያመጣሽው ዕቃ ገደለው ልትላት ነው ወይ፣ ዝም በል አልኩት። ደግ የመከርኩ መስሎኝ ነበር።

ስትመጣ «ምንም አልተገኘበትም» አላት። ዓይኑ እሷ ላይ አልነበረም፤ ደጃፍ ላይ በቆምኩት በእኔ ላይ ነበር።

«እንግዲያ ንጹሕ ነበር?»

«ንጹሕ ነበር።»

ደስ ይላታል ብለን የጠበቅን ሁለት ብልሆች ቆመን እናያታለን። ሸሚዙን በእርጋታ አጥፋ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተች። «ጥሩ» አለች። ፊቷ እንደተዘጋ በር ሆኖ ሄደች። ቆርቆሮውን ይዛው እንድትሄድ መተዋችንን እንኳ ልብ አላልነውም።

አራት ቀን ጠፋች። በአምስተኛው ጠዋት ልብስ እያጠብኩ ሳለ የሷን ማንኳኳት ሰማሁ። ሦስት ጊዜ። ግን ድምፁ የሃን አልነበረም። የቆርቆሮ ነበር።

ብድግ ስል በግቢው መሃል ቆማለች። ከቆርቆሮው ወደ ኩባያ ቀድታለች፤ ዘጠኝ ዓመት ወተት ያልነካው አፏ ወደ ኩባያው እየቀረበ ነው።

«ሦስት ቀን ሙሉ አጠንኩት» አለች። «ለማንም አልሸጥኩም፣ ለራሴ ነው። ቆርቆሮው ንጹሕ ከነበረ፣ ዛሬ በደንብ ታጥኖ ምንም ካላደረገኝ፣ ያኔ የገደለው የኔ ስንፍና ነው። ማወቅ እፈልጋለሁ።»

አምሀ በባዶ እግሩ ከክፍሉ እንዴት እንደወጣ አላየሁም። ኩባያው ሲበርር፣ ቆርቆሮው ሲንከባለል፣ ወተቱ በድንጋዩ ላይ ሲፈስ ነው ያየሁት። እጇን አጥብቆ ይዞ «ነካሽው? ከንፈርሽን ነካው?» ይላታል፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይጠርጋል። አልነካትም።

ዝንቦቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ፈሰሰው ወተት መጡ። ሦስታችን ቆመን አየናቸው። ሲጠጡ አየናቸው። ጥቂት ቆይተው አንድ አንድ እያሉ በጀርባቸው ሲገለበጡ አየናቸው።

«ዋሸኸኝ» አለች ኻድራ።

«ዋሸሁሽ።»

«እንግዲያ ጭሱ አላነሰም?»

«ዓመት ሙሉ ብታጥኚው አይለቅም ነበር። ጭስ ጀርም ይገድላል፤ መርዝ አይገድልም። ያንን ማንም አላስተማረሽም። እናትሽም ብታጥነው፣ እኔም ባጥነው ያው ነበር።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ቆማ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ እንደ ዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አለቀሰች። ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ ወደ ኋላ አለች። «አንተ ውጤት የምትናገር ሰው መስለኸኝ ነበር» ብላው ሄደች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አምሀ ወደ ካልቱን ቤት ሄዶ ሁሉንም ነገራቸው። እሳቸውም ልጁ በሞተበት ጠዋት ልጅቱን ቶሎ በይ ብለው ያቻኮሏት እሳቸው እንደነበሩ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጭሱን ያሳነስኩት እኔ ነኝ ሲሉ እንደኖሩ ተናገሩ። እናትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር አንዱን ጥፋት ለየብቻቸው ተሸክመውት ኖረዋል። ያን ዕለት ከዚያ ቤት የዐቦኮር ስም በጩኸት ሲጠራ መንገደኛ ሁሉ ሰማ።

ከዚያ በኋላ አምሀ ጠርሙሱን ትቶ ቆርቆሮ ሲሰበስብ ከረመ። ታሪኩን ሰምተው ሴቶቹ ከየት እንደመጣ የማያውቁትን ዕቃ ሁሉ እያመጡ ሰጡት፤ ከከተማ ውጭ ጉድጓድ አስቆፍሮ ቀበረው። የኻድራን ቆርቆሮ ለብቻው፣ ከሁሉ በታች አደረገው። «ሦስተኛው ቀን» የሚለው ስም ከገበያው አልጠፋም፤ ሳቁ ግን ቀረ አልልም፣ ለዘበ።

እሷ አልመጣችም። አምሀ ጠዋት ጠዋት ቀለሙን እያዘጋጀ ወደ በሩ ያያል። አይዞህ ልለው ይቃጣኝና፣ የቀድሞ ምክሬ ትዝ ሲለኝ ወደ ምስሬ እመለሳለሁ። በመጋቢት መጨረሻ ጥናቱ አልቋል፣ ተመለስ የሚል ደብዳቤ ደረሰው።

ዕቃውን በሚያስርበት ጠዋት ማንኳኳቱን ሰማን። ሦስት ጊዜ፤ የሃን ድምፅ። ኻድራ በሩ ላይ ናት፣ ሁለት ኩባያ ይዛለች። አንኳኩታ ወደ መንገዱ አላየችም፤ ይኼንን ልብ ብያለሁ።

በአንዱ ቀዳች። ትንሽ አየችው፤ ከዚያ እስከ ታች ጠጣችው። ከላይኛው ከንፈሯ ላይ ነጩ ቀረ። በሌላው ቀድታ ለአምሀ ሰጠችው። ዘንግ አልነከረበትም። ቀለም ጠብ አላደረገበትም። ጠጣው፤ ጭሱ ገብቶት እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ደብዳቤው እንደመጣ፣ ግን እዚሁ ልቅር ብሎ ማመልከቻ እንደጻፈ፣ እናቷን ትናንት ስለ ጋብቻ እንዳነጋገረ፣ የሚጠየቀውን ሁሉ ለማድረግ እንደቆረጠ፣ ዳግመኛ ለደግነትም ቢሆን እንደማይዋሻት ተናገረ። እኔ ምስር አልለቅምም ነበር፤ ግን ሰፌዱን አንስቼ ያዝኩ።

«ኻድራ» አላት በመጨረሻ፣ «ምን ትዪኛለሽ?»

ኩባያዎቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ ከተተች። ሃኑን በትከሻዋ አነገተች።

«ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል» አለችው። «እኔ ግን የተገኘውን ነው የምናገረው።»