ሳይሰናበት የተነቀለው ዲስክ

ሟቹ በፊልም ስቱዲዮው ጓሮ፣ በብረት ደረጃው ግርጌ በጎኑ ተኝቷል። መነጽሩ ደቅቋል፣ የግራ ክንዱ ከሥሩ ታጥፏል፤ ቀኝ እጁ ግን ሀርድ ዲስኩን እንደ ጨበጠ ነው። ሁለት ዓመት የለፋበት ፊልም ያለው በዚያች መዳፍ በምታክል ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነበር። በማግስቱ ለተመልካች ሊታይ የጥሪ ካርዱ ሁሉ ታትሟል።

ኢንስፔክተሯ ስምንት ሰዓት ላይ ስትደርስ የሟች ባለቤት፣ ሃያ ዓመት አብሮት የሠራው ሸሪኩና ረዳት አርታኢዋ እያለቀሱ አገኘቻቸው። ከሁሉ አብልጦ የሚያለቅሰው ሸሪኩ ነው። ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፣ አትቀየምም። ለቅሶ ግን አታጣራም። «ለቅሶ ሁሉ እርጥብ ነው» ትላለች።

«አደጋ ነው» አለ ሸሪኩ አፍንጫውን እየጠረገ። «ዲስኩ ከጧት ጀምሮ አልከፍት ብሎን ነበር። እኔው ራሴ ሦስት ጊዜ ሰካሁት፤ ወይ ፍንክች! እሱን እንደ እብድ አደረገው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ‹ጥገና ቤት እወስደዋለሁ› ብሎ በጓሮ በር ተፈተለከ። እኔ ብሽቅ ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፋሁ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። አይ ወንድሜን!»

«የምን አደጋ!» ባለቤቱ ተንደረደረች። «ይቺን ጠይቂያት እህቴ! ጧት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ባሌን ከቤቴ ወስዳ ወስዳ አልበቃት ብሎ!»

ረዳት አርታኢዋ ልጅ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ጭቅጭቁን ከጎረቤት ሰምተው፣ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ መሆኗን ጨምረውበት፣ እጇን በካቴና አስረዋታል። አሥር ሰዓት ላይ ጣቢያ ልትወሰድ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሁን፣ ወይስ የእጇን ነው ያገኘችው፣ የሚያውቅ የለም።

ኢንስፔክተሯ ተንበረከከች። አሥራ አራቱን የብረት ደረጃዎች ወደ ላይ ቆጠረች። ከዚያ ዲስኩን በጓንት አውጥታ ወደ ብርሃን አዞረችው። አንድም ጭረት የለበትም። በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ያዘችው።

ፎቁ ሥር ያለው ልብስ ሰፊ ቀና ሳይል መለሰላት። «ዷ ሲል ሰምቻለሁ። የስድስት ተኩሉ ዜና መግቢያ ሙዚቃ እየተሰማ ነበር። ካሜራ ማቆሚያ የጣሉ መስሎኝ ነው፤ እነሱ እንደሆኑ የማይጥሉት ነገር የለም።»

«ሚስትየውን አይተሃታል?»

«አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታ መጣች። ፊት ለፊት በሩ ላይ ቆማ ደወሉን ስትደውል፣ ስትራገም፣ ስትደውል... እኔ ራሴ ልወጣና ልከፍትላት ምንም አልቀረኝም።»

ባለቤቲቱ ይህን አልካደችም። «አዎ ደወልኩ። የመጣሁት ሁለቱን አንድ ላይ ልይዛቸው ነው፤ ምን ልዋሽሽ። አምስት ደቂቃ አቁሞኝ ሸሪኩ ከፈተ። እያለከለከ ‹ተኝቼ ነው› አለኝ። እኔ እኮ እሷን በጓሮ እስኪያስወጡ ያስጠበቁኝ መሰለኝ።»

የቀናተኛ ሰው ዓይን የሌለውን ያያል፣ ፊቱ የቆመውን ይስታል። ይህች ሴት ስድስት ወር ሙሉ የባሏን ሸሚዝ ስታሸት ከርማ፣ በዚያች ደቂቃ ፊቷ የቆመውን ሰው ልብ አላለችውም። ኢንስፔክተሯ ግን «እያለከለከ» የሚለውን ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረች።

ልጅቷ መልስ የምትሰጠው መሬት መሬት እያየች ነው።

«ከስድስት ሰዓት ጀምሮ የት ነበርሽ?»

«ማተሚያ ቤት። የጥሪ ካርዶቹን ልቀበል ሄጄ። የርክክቡ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ አለ።» ወረቀቱ ላይ ስድስት ሰዓት ከአርባ ይላል። ማተሚያ ቤቱ በመኪና አሥር ደቂቃ ያስኬዳል፤ ኢንስፔክተሯ ደውላ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እዚያ እንደነበረች አረጋገጠች።

«ጧት ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«አለቃ ስሜን ‹አርታኢ› ብለው ፊልሙ መጨረሻ ላይ ጻፉት። ይነሳልኝ አልኳቸው። ያ ቦታ ሁልጊዜ የጋሼ ነው፤» ወደ ሸሪኩ ክፍል በአገጯ አመለከተች፤ «ይከፋቸዋል ብዬ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ግን አልናገርም። አለቃ ቃል አስገብተውኛል።»

«ልጄ፣ እስር ቤት ልትገቢ እኮ ነው።»

«ቃል ገብቻለሁ» አለች ልጅቷ እንባዋን እየዋጠች።

የአርትዖት ክፍሉ ግድግዳ ላይ በቀይ እስክሪፕቶ «ሳታሰናብት አትንቀል!» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ኢንስፔክተሯ ምንነቱን ጠየቀች።

«የአለቃ ሕግ ነው። ዲስክ ከመንቀላችን በፊት ኮምፒውተሩን ‹ልቀቀው› እንለዋለን። ስንብት ነው የምንለው። እየጻፈ ሳለ ከተነቀለ ያኮርፋል።»

«አልከፍት ሲልስ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ገመድ እንቀይራለን። ካልሆነ መሰኪያውን፣ ካልሆነ ኮምፒውተሩን። ድምፁንም እናዳምጣለን፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ታሟል። ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ ግን አኩርፎ ነው። ኮምፒውተሩ ከጫፍ ጫፍ መርምሮ እስኪጨርስ መጠበቅ ነው እንጂ መነካካት የለም። ጋሼ ግን መጠበቅ አይወዱም፤ ከካሴት ዘመን ጀምሮ መንቀል ነው የለመዱት። ሁሌ እንስቅባቸው ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ሸሪኩን አስጠርታ ዲስኩን ፊቱ ሰካችው። መብራቱ በራ፤ ግን አልተከፈተም። ገመድ ቀየረች፣ መሰኪያ ቀየረች፤ ያው ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትሰካው «ፎርማት ይደረግ?»፣ ማለትም ያለበት ሁሉ ይሰረዝ፣ የሚል ጥያቄ ብቅ አለ።

«አዎ በዪውና ይገላግለን» አለ ሸሪኩ ቶሎ ብሎ። «የሞተ ነገር ነው። ያቺም ብትሆን ከዚህ በላይ የምታውቀው ነገር የለም።»

ኢንስፔክተሯ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። ወንድሙ የሞተበት ሰው የወንድሙን የመጨረሻ ሥራ አጥፊው ይላል? ደግሞም ልጅቷን «ያቺ» ከማለት በቀር በሌላ ጠርቷት አያውቅም። ኢንስፔክተሯ ይህን በሽታ ከራሷ ታውቀዋለች። ባለፈው ወር የጠበቀችው ወንበር ለታናሽ ባልደረባዋ ሲሰጥ «እንኳን ደስ አለህ» ለማለት ሦስት ቀን ፈጅቶባታል።

ዲስኩን መልሳ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ ሰካችው፤ ጆሮዋን አስጠጋች። ለስላሳ እምታ እንጂ ቀጭ የሚል ነገር የለም። የዲስኩ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ደብዝዞ ይታያል። «ሁሉንም ጥሩልኝ» አለች ለፖሊሱ። «ኩርፊያው እስኪበርድ እንጫወታለን።»

ባለቤቲቱ መስኮቱ አጠገብ፣ ልጅቷ በካቴናዋ በር ሥር፣ ሸሪኩ መሐል ተቀመጡ።

«ሟቹ ዲስኩን ይዞ ከወደቀ» ስትል ጀመረች ኢንስፔክተሯ፣ «መነጽሩ ሲደቅቅ ዲስኩ ጭረት እንኳ ያጣው ለምንድነው? አብሮት ስላልወደቀ ነው። ከወደቀ በኋላ ሰው አስጨበጠው።»

«እሷ ናታ!» አለች ባለቤቲቱ።

«ልጅቷ ማተሚያ ቤት ነበረች። እርስዎም ፊት ለፊት በሩ ላይ ቆመው ሲደውሉ ልብስ ሰፊው ያያል። ቤት ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ተኝቶ ነበር ተብለናል።»

ሸሪኩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «መተኛት ወንጀል ሆነ እንዴ?»

በዚህ መሐል የደበዘዘው ስም ደምቆ ወጣ። ዲስኩ ተከፈተ። ልጅቷ ሳታስበው «ተመስገን!» አለች።

«አዩ? አልታመመም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ከጧት ጀምሮ አልከፈተም ብለውኛል። ይኸውና አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የተቀመጠ ፋይል አለው፤ የፊልሙ አዲስ የመዝጊያ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ ደግሞ ግማሹ ብቻ የተገለበጠ አለ፤ አሮጌው የመዝጊያ ጽሑፍ፣ ‹አርታኢ› ተብሎ የእርስዎ ስም ያለበት። የተገለበጠበት ሰዓት ስድስት ከአርባ አንድ ይላል። ሟቹ ስድስት ተኩል ላይ ወድቋል። ታዲያ ከወደቀ አሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ እዚህ ተቀምጦ ፋይል የሚገለብጠው ማነው?»

ኢንስፔክተሯ ወንበሯን ወደ ሸሪኩ አስጠግታ ቀጠለች።

«አሮጌውን አስገብተው አዲሱን ሊያጠፉት ነበር። እየተገለበጠ ሳለ ደወሉ ጮኸ። ደንግጠው ነቀሉት። መልሰው ሲሰኩት አልከፍት አለ፤ አኮረፈ። እርስዎ ግን የሞተ መሰለዎት። እዚህ ቤት ከሚሠሩት ሦስት ሰዎች እንደዚያ የሚመስለው ለእርስዎ ብቻ ነው። ‹ዲስኩ ተበላሽቶበት ሲሮጥ ወደቀ› የሚለው ወሬ የተወለደውም ያኔ ነው። ወርደው አስጨበጡት፤ እያለከለኩ ተመልሰው በር ከፈቱ። እኔ እዚህ ስደርስ ማንም ዲስኩን አልሰካውም ነበር። እስከ ስድስት ከአርባ አንድ ሲሠራ የነበረው እንደማይከፍት በምን አወቁ?»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሸሪኩ ጭኑን በጡጫው መታ።

«ሃያ ዓመት!» አለ። «ሃያ ዓመት ዓይኔ እስኪጠፋ ቆርጬ ቀጥዬ፣ ትናንት ለመጣች ልጅ! ጧት በኋላዋ ሳልፍ ስሟን ከስሜ ቦታ ላይ አየሁት። እሱን ደረጃው ላይ ያዝኩት፤ ‹ለምን?› አልኩት። ‹ነገ ታየዋለህ› ብሎ ሳቀ። ሳቀብኝ እኮ! መግፋቴ ነው እንጂ ልገድለው አልነበረም...»

ልጅቷ አሁን ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች። «አልሳቁብዎትም ጋሼ! ደስ ብሏቸው ነው! ቃል ያስገቡኝ እኮ ይሄንን ነው። እስቲ ይክፈቱት፣ አዲሱን ይክፈቱት!»

ኢንስፔክተሯ ፋይሉን ከፈተችው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደላት ወደ ላይ ወጡ። «አርታኢ» በሚለው ሥር የልጅቷ ስም አለ። ከዚያ ስክሪኑ ባዶ ሆነና «አዘጋጆች» የሚል ቃል መጣ፤ ሥሩም የሁለቱ ሸሪኮች ስም።

«ከአርታኢነት ከፍ አድርገዋቸው ነው» አለች ልጅቷ። «ነገ አዳራሹ ውስጥ ሲነበብ ፊታቸውን ላየው እፈልጋለሁ ብለው ነበር።»

ባለቤቲቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ፖሊሱ ካቴናውን ከልጅቷ ላይ ፈታ፤ ልጅቷም የተፈታ እጇን ሳይታወቃት ታሽ ነበር።

ሸሪኩ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። እንባ ዓይኑን ስለሸፈነው ማንበብ አልቻለም። እጁን ለካቴናው ሰጥቶ አንገቱን ወደ ልጅቷ አዞረ።

«ፊት ያለው የማን ስም ነው?» ሲል ጠየቃት።

«የእርስዎ ነው፣ ጋሼ» አለችው።