ጣሳ የተሰቀለበት ቤት

በየመንደራችን አጭር እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ስናይ «እዚህ ቤት ጠላ አለ» ብለን እናልፋለን፤ የጠማው ጎራ ይላል። እዚያ ቤት ውስጥ ሕፃን ይኑር አይኑር የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ሕፃን ነው።

በደርግ ዘመን፣ ወንጂ አካባቢ ሸንኮራ ቆራጮች ከሚኖሩባቸው ሠፈሮች በአንዱ፣ ዘርፉ የምትባል ጠላ ሻጭ ነበረች። ባሏ ጉደታ ሸንኮራ ቆራጭ ነው። ሲጋቡ አክስቱ እማማ አሳየች ሦስት ትልልቅ ጋኖች ሰጧት። ዘርፉም ብቅሉንና ጌሾውን ይዛ፣ ጋኗን በወይራ አጥና፣ በራፏ ላይ ጣሳ ሰቀለች። ጠላዋ ጥሩ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም።

ቤታቸው አንዲት ክፍል ነች። ጋኖቹ፣ አግዳሚው ወንበርና አልጋው ጎን ለጎን ናቸው። ልጃቸው ቀነዓ እስኪወለድ ድረስ ይህ ማንንም አላስቸገረም። ከተወለደ በኋላ ግን ዘርፉ አንድ እጇ ልጅ፣ አንድ እጇ ጣሳ ሆነ። ሕፃኑ ልተኛ ሲል ጠጪው ይዘፍናል፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ጠጪው ይቆጣል። ጣሳ የተሰቀለበት ቤት ደግሞ በሩ አይዘጋም፤ የገባን ሰው ውጣ ማለት ነውር ነው። በገዛ ቤቷ ሸሽታ የምትቀመጥበት ጥግ አጣች።

መላ ያመጡት እማማ አሳየች ናቸው። ከጠላው በኋላ ውሃ ተጨምሮበት ከሚወጣው ከቀጭኑ ቅራሪ በማንኪያ ቀድተው ለሕፃኑ አቀመሱት። ሕፃኑም ተኛ።

«አየሽ?» አሉ እማማ አሳየች። «ቅራሪ ልጅ ያወፍራል። ጉደታንም ያሳደግሁት በዚሁ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ማንኪያዋ የየምሽቱ ልማድ ሆነች። ደንበኞች «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» እያሉ ያመሰግናሉ። ልጁ ግን ዓመት አልፎት ሁለተኛውን ሲይዝ፣ ያቺን ማንኪያ ካላየ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይወስደው ጀመር። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ይባል የለ? አንድ ቀን ዘርፉ ዞር ስትል፣ ልጁ እየዳኸ ሄዶ አግዳሚው ሥር የተረሳ ጣሳ ሲልስ አገኘችው። ጠጪዎቹ ሳቁ። ጉደታም አብሯቸው ሳቀ። እሷ ግን ጣሳውን ከልጁ አፍ ነጠቀች።

በማግስቱ «ጋኖቹን ብንሸጣቸውስ?» አለችው።

«ሸጠን ምን ልንበላ?»

«ሌላ ነገር እሠራለሁ። ልጁ እየተበላሸ ነው፣ ጉደታ።»

«አሁን ይኼ መበላሸት ነው? እኔም በቅራሪ ነው ያደግሁት፤ ምን ሆንኩ?»

እማማ አሳየችማ ሲሰሙ ነጠላቸውን አራገፉ። «ጋን የሸጠች ሴት በረከቷን ሸጠች። ጋን በጠጠር ይደገፋል፤ የእናንተ ኑሮም የተደገፈው በዚችው ጠላ ነው። ጠጠሩን ብታነሺው ኋላ ማንንም እንዳትወቅሺ!»

ዘርፉ ግን በልቧ ቆርጣለች። ናዝሬት ጠላ የምትሸጥ ሻሼ የምትባል ሴት ጋን ተሰብሮባት እየፈለገች መሆኑን ሰምታ ላከችባት። ማንኪያዋንም ከዚያው ቀን ጀምራ ከለከለች። ልጁ ሌት ተቀን አለቀሰ። ትንሽ ሸለብ ያደርገውና በላብ ተነክሮ ይባንናል። ጎረቤት «ቡዳ በልቶት ነው» አለ። ጉደታም «ትንሽ ስጪውና እንተኛበት እንጂ!» እያለ ጮኸባት።

ሻሼ በጋሪ መጣች። «አካም ቡልቴ?» ብላ በኦሮምኛ ደህና አደርሽ እያለች ገባችና ጋኖቹን በጣቷ እያንኳኳች ድምፃቸውን አዳመጠች። ሦስቱም ደህና ናቸው። ልጁ ግን ማልቀሱን አላቆመም። ሻሼ ቀስ ብላ ዞረች።

«ይኼ ልጅ የራበው አይደለም» አለች።

«አይደለም፣ እትዬ ሻሼ። ቅራሪ ከልክዬው ነው።»

ሻሼ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። «ይኼን ለቅሶ አውቀዋለሁ፤ የእኔም ልጅ እንዲህ ያለቅስ ነበር። እኔ ግን አላስቻለኝም፣ ሰጠሁት። አሁን ጎረምሳ ነው። ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል። ጠላ ካልቀመሰ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አይችልም፤ የምቆልፍለት እኔ ነኝ።»

ዘርፉ ደነገጠች። ጉደታ ጎህ ሲቀድ ወደ ሸንኮራው ከመሄዱ በፊት ደረቱን ገልጦ ይቆምና «ነይ ቆልፊልኝ» ይላታል። ስትቆልፍለት አንድ ጣሳ ይጨልጥና ይወጣል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፍቅር ይመስላት ነበር።

«ታዲያ ይህን እያወቁ ጋን ለምን ይገዛሉ?»

«ሌላ ምን አውቃለሁ? መግባቱን እንጂ መውጣቱን ማን አስተማረኝ? አንቺ ግን እህቴ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። በይ አሁን ጋሪው ላይ እናውጣቸው።»

ዘርፉ ጋኖቹ ፊት ቆመች። «አልሸጥልዎትም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የእኔን ልጅ ከዚህ ጋን አውጥቼ የእርስዎን ልጅ ልጨምርበት? ይህን አላደርግም። ይቅር ይበሉኝ።»

«አንቺ ባትሸጪልኝ ሌላ ሻጭ ጠፍቶ ነው?» አለች ሻሼ ተቆጥታ። ደጅ ስትደርስ ግን ቁጣዋ በረደ። ሕፃኑን ግንባሩን ሳመችውና ባዶ ጋሪዋን ይዛ ሄደች።

ማታ ጉደታ ይህን ሲሰማ «አትሸጪ፣ አትጠምቂ፤ ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ያችኑ ቃሉንም ደገማት። «እኔም በቅራሪ ነው ያደግሁት፤ ምን ሆንኩ?»

«ነገ ጠዋት ሸሚዝህን ራስህ ቆልፍና ትነግረኛለህ» አለችው።

ጠዋት ጉደታ ሸሚዙን ለበሰ። ዘርፉ ከልጇ ጋር አልጋው ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። የመጀመሪያውን ቁልፍ ያዘ፣ አመለጠው። ደግሞ ያዘ፣ ደግሞ አመለጠው። ሸንኮራ በአንድ ምት የሚጥል እጅ አንዲት ቁልፍ ቀዳዳዋ ውስጥ ማስገባት አቃተው። ዓይኑ ወደ ጋኑ ሄደ፤ ከዚያ ልጁን አየ። ልጁ ከለቅሶው አርፎ እሱን እያየ ነበር። ጉደታ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ።

ሸሚዙ እንደተከፈተ ወደ ደጅ ወጣ፤ ጣሳውን ከእንጨቱ ላይ አወረደው። የሥራ ጓደኞቹ ማታ እንደ ልማዳቸው ሲመጡ፣ በሩ ላይ ቆሞ «የለም፣ ይኼ ከእንግዲህ የልጄ ቤት ነው» አላቸው። ነውሩን ተቀበለው።

ከዚያ በኋላ ኑሮ ቀለላቸው ብዬ አልዋሻችሁም። ዘርፉ ንፍሮ እየቀቀለች ለሸንኮራ ቆራጮች መሸጥ ጀመረች፤ ትርፉ ከጠላው አይደርስም። እማማ አሳየች ለብዙ ጊዜ ደጃቸውን አልረገጡም። የጉደታ እጅም እስኪረጋ ድረስ ብዙ ጠዋት ሸሚዙን ከፍቶ ወደ ሥራ ሄዷል። ጋኖቹ ዛሬ ውሃ ይጠራቀምባቸዋል።

ወገኖቼ፣ «እኛም በዚሁ አድገናል» የምንለውን ነገር ለልጆቻችን ከማቅመሳችን በፊት፣ እስቲ በባዶ ሆዳችን የገዛ እጃችንን ዘርግተን እንየው። እጃችን ካልረጋ፣ አደግን ያልነው ገና አላደግንም።