የእማማ ሎሚ ነጭ ዱቄት

መርማሪዋ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍታ ወለሉን ስታይ መጀመሪያ አፏ ላይ የመጣው እርግማን ነበር። ወለሉ ያበራል። ቧንቧው ያበራል። ዛሬ ጠዋት አንዲት አሮጊት ሞተው የተገኙበት ክፍል እንግዳ የሚቀበል መስሏል።

«ይህን ማን አጸዳው?»

«እኔ ነኝ» አለ የሟቿ አማች፣ እጅጌውን እንደሰበሰበ። «ለቀስተኛ ሊመጣ ነው። ቤቱን እንዲያ ትተን ሰው እንዴት እንቀበል?»

ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰው ቃል ሳትነፋ አታሳልፍም ለማለት ነው። ዛሬ ግን የሚነፋ ነገር አልተተወላትም። ማስረጃውን ውኃ በልቶታል፣ ያውም በሳሙና። ጥርሷን ነክሳ ቆማ ሳለ ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? ነገሩ ያለቀ ነው። የሠራተኛዋ ቦርሳ ውስጥ የበረኪና ጠርሙስ ተገኝቷል።»

«ጠርሙስ ተገኘ ማለት ገዳይ ተገኘ ማለት ነው?»

«አንቺ ደግሞ! አሥር ሰዓት ላይ ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፣ ሴትዮዋም ወደ እስር ቤት» ብሎ ዘጋባት።

ሟቿን ሰፈሩ «እማማ ሎሚ» ይላቸዋል። የጽዳት ኬሚካል ከቤታቸው ካስወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። መስታወቱን በአቼቶ፣ ምድጃውን በሶዳ፣ የእንጨት ዕቃውን በሎሚና በዘይት ያጸዳሉ፤ ጎረቤቱንም ሰብስበው ያስተምራሉ። ሐኪሙ ግን አስከሬኑን አይቶ ነገሩን ባጭሩ ቆርጦታል፤ የገደላቸው በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ በሩ ዝግ፣ ሳንባቸውም የደከመ ነበር።

«እኔ የወጥ ቤት ነገር ምኑን አውቄ!» አለ አማችየው። «ሠራተኛዋ ግን ተደብቃ በረኪና እንደምትጠቀም ጠርጥሬ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ አፍስሳ ሄደች፣ ጠዋት እማማ አቼቷቸውን ሲደፉበት… በቃ።»

«እሷ ከሄደች በኋላ እዚህ ገላውን የታጠበ አለ?»

«ሁላችንም። ማታም፣ ጠዋትም።»

«ታዲያ በረኪናው ያ ሁሉ ውኃ ሲወርድበት ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው?»

አማችየው ትከሻውን ከፍ ዝቅ አደረገ።

መርማሪዋ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ክዳናቸው በቀይ ላስቲክ የሚታሸግ ሦስት የመስታወት ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ ጨው፣ የደረቀ የሎሚ ልጣጭ፣ ሶዳ። የሶዳው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ላስቲኩ ግን እንደ ወንድሞቹ ቀይ አይደለም፣ ገርጥቷል። አፍንጫዋን አስጠጋች። ዕቃው ታጥቧል፤ ላስቲኩ ግን በረኪና በረኪና ይላል።

የሟቿ ልጅ ኬክ እየጋገረች ለሱቆች የምታስረክብ ሴት ናት። ወጥ ቤት ውስጥ ተኮራምታ ተቀምጣለች።

«እናትሽ እንዴት አልሸተታቸውም?»

«እማዬ ዓምና ከታመመች ወዲህ ሽታ አትለይም። ከቤት ሰው በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። ጽዳት አስተማሪ ሆኜ ብላ ታፍርበት ነበር።»

«በሩንስ ለምን ይዘጉታል?»

ልጅየዋ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «እኔ ነኝ ያስለመድኳት። የአቼቶው ሽታ ኬኬ ላይ እያረፈ ሲያስቸግረኝ፣ ዝጊልኝ እላት ነበር።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስታገኚያቸው ባልሽ የት ነበር?»

«ስጮህ ሮጦ መጣ። ሩጪ፣ ሐኪም ጥሪ ብሎ ላከኝ። ስመለስ ክፍሉን ያጸዳ ነበር።»

መርማሪዋ አማችየው የጽዳት ፈሳሽ እያሸገ ወደሚሸጥበት መሥሪያ ቤት ሁለት ፖሊሶች ልካ ወደ ጣቢያ ሄደች። ሠራተኛዋ የጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች።

«እትዬ፣ ልጄ ዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤት ትወጣለች። የሚቀበላት ሰው የለም።»

«ቶሎ እንጨርሳለን። በረኪና ተጠቅመሽ ታውቂያለሽ?»

«አንዴ። ምድጃው አልለቅ ብሎኝ። እማማ ደረሱብኝና ሦስት ቀን አኮረፉኝ። ከዚያ ወዲህ ነክቼ አላውቅም። አልዋሽዎትም፣ በሎሚ መፋቅ ሰልችቶኝ ያውቃል። ሥራ የሰለቸው ሁሉ ሰው ይገድላል እንዴ?»

«መታጠቢያ ቤት ያለው ሶዳ ትናንት ምን ያህል ነበር?»

«ሁለት ማንኪያ ቢሆን ነው። ዛሬ ልሞላው ነበር።»

«እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ዱቄቱን ነስንሶ አቼቶ ማፍሰስ ነው። አቼቶ ሲነካው ይቆጣል፣ አረፋው ይነሣል። በውኃ ብቻ ዝም ነው።»

«እማማ የተጣሉት ሰው ነበር?»

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አማቻቸውን። ፎቷቸውን ለጥፎ ‹ከተፈጥሮ ብቻ› እያለ የሚሸጠው ፈሳሽ በረኪና አለበት። የጎረቤት ልጅ እጇ ተላጠ። ‹ነገ ሰፈሩን ሰብስቤ እነግራለሁ› ሲሉት ትናንት ጠዋት ሰምቻለሁ።»

«ይህን ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

የመርማሪዋ ደም ፈላ። ግማሽ ቀን ሙሉ ይህችን ሴት አስቀምጦ አንድ ጥያቄ የጠየቃት ሰው የለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ከሶዳው ዕቃ የወሰደችውን አንድ ማንኪያ ዱቄት እዚያው ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨመረችው። ውኃው ተንሿሿ፣ አረፋው ብርጭቆውን ሞላው።

«ይሄ ሶዳ አይደለም!» አለች ሠራተኛዋ።

ከዘጠኝ ተኩል በኋላ ሁሉም ወጥ ቤት ተሰበሰቡ፤ ልጅየዋ፣ ባሏ፣ ሠራተኛዋና እያጉረመረመ የመጣው አለቃ። መደርደሪያው ላይ ጽሑፍ የሌለባቸው፣ ነጭ ዱቄት የሞላባቸው ሁለት ዕቃዎች ጎን ለጎን ቆመዋል።

«እባክዎ፣ ሶዳውን ያቀብሉኝ» አለችው መርማሪዋ አማችየውን።

ሳያመነታ የቀኙን አንሥቶ ሰጣት።

«እሱ እኮ የኬኬ ቤኪንግ ፓውደር ነው!» አለች ሚስቱ። «ሶዳው የግራው ነው።»

«አየህ አለቃ» አለች መርማሪዋ። «ትናንት ማታ አንድ ሰው መታጠቢያ ቤት ያለውን የሶዳ ዕቃ በረኪና የሚሠራበትን የክሎሪን ዱቄት ሞላበት። እማማ ሽታ እንደማይለዩ፣ በሩን ዘግተው እንደሚሠሩ የሚያውቅ የቤት ሰው ነው። ጠዋት ዱቄቱን ነስንሰው አቼቷቸውን አፈሰሱበት። ገዳዩ ከዚያ ዕቃውን አጥቦ ሶዳ ሊሞላበት ፈለገ። ላስቲኩን ግን ረሳው፤ ገርጥቶ፣ ሽታውን ይዞ ቀርቷል። የሞላበትም ሶዳ አይደለም፣ በውኃ ብቻ የሚፈላ ቤኪንግ ፓውደር ነው። ልጃቸው በዚህ ዱቄት እንጀራዋን ትበላለች፣ አትሳሳትም። ሠራተኛዋም ስድስት ዓመት ፍቃበታለች፣ አትሳሳትም። እዚህ ቤት ሁለቱን የማይለየው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ዱቄት ስላልለየሁ ገዳይ ሆንኩ?» አለ አማችየው። ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«ዱቄቱ ብቻማ ቢሆን። ሚስትዎን ወደ ሐኪም ልከው ብቻዎን የቀሩት እርስዎ ነዎት። ሠራተኛዋ ቦርሳ ውስጥ የተገኘው ጠርሙስ ክዳን በእርስዎ መሥሪያ ቤት ከሚያሽጉባቸው ክዳኖች አንዱ ነው፤ ፖሊሶቹ ከተከፈተ የክሎሪን ከረጢት ጋር አምጥተውልኛል።»

አማችየው ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። «ስሜን ልታጠፋው ነበር! የስንት ዓመት ልፋቴን!»

«የማንን ስም?» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «ጠርሙሱ ላይ ያለው የእሷ ፊት ነው።»

አለቃው ካቴናውን ራሱ አወጣ። መርማሪዋን ግን ቀና ብሎ አላያትም።

ልጅየዋ ባሏ ሲወጣ ሳትዞር ወደ ሠራተኛዋ ሄደች፣ እጇንም ያዘች። «ይቅር በይኝ እህቴ። እባክሽ እንዳትለዪኝ፣ አሁን ያለሽኝ አንቺ ነሽ።»

ሠራተኛዋ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። የቤቱን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ስምንት ዓመት ጓዳሽን፣ ልብስሽን፣ እናትሽን አምነሽ ሰጥተሽኛል። ያ ጠርሙስ ሲወጣ አጠገቤ ቆመሽ ነበር። ‹እሷ አታደርገውም› ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል?»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች፤ አሥር ሊሆን ነው። ክሱን አስቀርታለች፣ ይህንን ግን ምን ታደርገዋለች? ሠራተኛዋን ተከትላ በረንዳው ላይ ደረሰችባት።

«ነዪ፣ በመኪና ላድርስሽ። ልጅሽ ብዙ ቆይታለች።»

ሴትዮዋ በሩ ላይ የቆመውን የፖሊስ መኪና አየችው።

«ጠዋት የወሰደኝ በዚህ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል» አለች። «ልጄ ደግሞ ከዚህ ስወርድ እንድታየኝ አልፈልግም። በእግሬ እሄዳለሁ።»

ነጠላዋን አስተካክላ መንገዱን በሩጫ ተያያዘችው።