ያልተፈታው ጆንያ

ጎርፉ የደረሰው ሰማዩ ጥርት ባለበት ረፋድ፣ አንዲት ጠብታ ዝናብ ሳይወርድ ነው። አበባው የአሮጌዋን ላንድክሩዘር የፊት ጎማዎች በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ እንዳሳረፈ፣ ከኋላ የተቀመጡት አዛውንቱ መንገድ መሪ ኡበይደላ ጆሯቸውን ወደ ደጋው ቀስረው በከዘራቸው ጣራውን ደበደቡ።

«ንዳ! ደጋው ዘንቧል፤ ወንዙ እየመጣ ነው!»

አበባው ነዳጁን ረገጠ። መኪናዋ አሸዋውን እየቧጠጠች ተወረወረች። ቡናማው ውኃ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል፣ የፊት ጎማዎቿ የማዶውን ዳገት ነከሱ። ጎርፉ የኋላ መከላከያዋን ልሶ አለፈ። መመለሻው ተዘጋ።

ከመርሳ ከተማ በማለዳ ተነሥተው ወደ ምሥራቁ ቆላ እየወረዱ ነበር። ከአበባው ጎን የተቀመጠችው የእንስሳት ሐኪሟ ዙልፋ፣ ከመኪናዋ ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማቀዝቀዣ በጉልበቶቿ መካከል ይዛለች። በውስጧ የፍየል ሳንባ በሽታ ክትባት አለ። ሙቀቱ ከስምንት ዲግሪ ካለፈ ክትባቱ ከንቱ ነው። በኡበይደላ መንደር በአንድ ሳምንት ስልሳ ፍየል ወድቋል፤ የተረፉት ዛሬ ካልተከተቡ መንደሩ ወተትም ጥሪትም አይኖረውም።

ዳገቱን እንደ ጨረሱ ዙልፋ ቴርሞሜትሩን አየች። «ጋሽ አበባው፣ አምስት የነበረው ሰባት ገባ።»

አበባው ወደ መሪው ሥር ቃኘ። ቀይዋ የባትሪ መብራት በርታለች።

«ባትሪው አርጅቶ ይሆናላ?» አሉ ኡበይደላ።

«ባትሪው ወር አልሞላውም፣ አባቴ። ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞም ቢሆን ሽፈራው ትናንት በአዲስ ቀይሮልኛል።»

ይህን የተናገረው በመሐላ ድምፅ ነው። የወልዲያው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሽፈራው፣ ግራና ከተማ አብሮት ያደገ ጓደኛው፣ የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሣለት አበልጁ ነው። በሙያው ደንብ መሠረት የተነቀለው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ሽፈራውም በጆንያ ቋጥሮ ሰጥቶታል። አበባው ቋጠሮውን ሳይነካ ከኋላ ወረወረው። በአበልጅ ፊት ጆንያ ፈትቶ መመርመር፣ ለእርሱ፣ ፊት ላይ ከመትፋት የማይተናነስ ነውር ነበር።

መኪናዋን አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። የባትሪውን ማሰሪያዎች ነቀነቀ፤ ጠብቀዋል። የዲናሞውን ቺንጋ አየ፤ አልላላም። የኤሌክትሪክ መለኪያውን ቴስተር ባትሪው ላይ ደገነ፦ ዐሥራ ሁለት ቮልት እንኳ አይሞላም።

«ዙልፋ፣ ነዳጅ ርገጪ!»

ሞተሩ አጓራ፤ ቁጥሩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሞተር እየሠራ ከዐሥራ ሦስት ተኩል በላይ ሊያሳይ ይገባ ነበር። ባትሪው ንጹሕ ነው፤ የሚሞላው ጠፍቶ ማቀዝቀዣዋ እየጠባችው ነው። አበባው ዲናሞውን ሊዳስስ እጁን ሰደደ።

«አትንቀሳቀስ!» አሉ ከመኪናዋ ወርደው አጠገቡ የቆሙት ኡበይደላ።

ጎርፉ ከጉድጓዱ ያባረረው ጥቁር እባብ ከጎማው ወደ ሞተሩ ተስቦ ወጥቶ ነበር። አንገቱን ከአበባው አንጓ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አስፍቶ ቆመ። ኡበይደላ «ቢስሚላህ» ብለው ከዘራቸውን ከሥሩ ሰደዱና ወደ ቁጥቋጦው አሽቀነጠሩት።

አበባው በድንጋጤ ሲያፈገፍግ ክርኑ ዲናሞውን ጠረገው። ብርማው ቀለም ተላጠ። ከቀለሙ ሥር፣ ከሁለት ዓመት በፊት በገዛ እጁ በምስማር የጫረው መስቀል ብቅ አለ።

አዲስ ተብሎ ገንዘብ የከፈለበት፣ ቀለም ብቻ የተቀባ የራሱ አሮጌ ዲናሞ ነበር።

ጆንያውን አወረደ። ቋጠሮውን ፈታ። በውስጡ የሌላ መኪና፣ ዝገት የበላው ዲናሞ ተጋድሟል። ሽፈራው ወዴት እንደሚሄዱ፣ ምን እንደሚጭኑ ያውቅ ነበር። «በሰላም ግባ» ብሎ ትከሻውን መትቶ የሸኘው እርሱ ነው።

«ትናንት አላየኸውም?» አለች ዙልፋ ቀስ ብላ።

«አበልጄ ነው።»

«እኔስ ከእናቴ ልጅ በግ ስገዛ አፉን ከፍቼ ጥርሱን አያለሁ» አሉ ኡበይደላ። ከዚያ ፊቱን አይተው ድምፃቸውን አለዘቡ። «አብሽር፣ ልጄ። ፍየሎቹ እየጠበቁን ነው።»

አበባው ተነሣ። ችግሩን ገምቶታል፤ በዲናሞው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ካርቦኖች አልቀው ይሆናል። የዝገታሙ ግን ረጃጅም ሊሆኑ ይችላሉ። ለመቀየር ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ከጠፋ ደግሞ የደከመው ባትሪ አያስነሣውም፤ መኪናዋ በቁልቁለት ተንደርድራ ካልሆነ አትነሣም። ያለው ቁልቁለት አሁን የወጡት፣ ወደ ጎርፉ የሚወርደው ብቻ ነው። መኪናዋን አዙሮ አፍንጫዋን ወደ ውኃው አስቆመ፤ ጎማዎቿን በድንጋይ ደግፎ ሞተሩን አጠፋ።

ዙልፋ የአዛውንቱን ጋቢ በጎርፉ ውኃ ነክራ ማቀዝቀዣዋን ጠቀለለች። አበባው ዲናሞውን ፈታ፤ ካርቦኖቹ እውነትም ጉቶ ሆነዋል። የዝገታሙን አውጥቶ፣ ወፍረው ስላልገቡለት በሻካራ ድንጋይ ላይ ሞረዳቸው። ላቡ ዓይኑን አቃጠለው። እያንዳንዱ ሙረዳ ሽፈራውን ያመነበትን አንድ ቀን ከሕይወቱ የሚፍቅ መሰለው።

«ሰባት ተኩል!» አለች ዙልፋ።

የመጨረሻውን ብሎን አጠበቀ። ድንጋዮቹ ተነሡ። ሁለቱ ከኋላ ገፉ፤ መኪናዋ ወደሚያገሣው ውኃ ተንደረደረች። አበባው ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ። ዝም አለ። ውኃው ዐሥር እርምጃ ሲቀረው ተንዘፍዝፎ ተነሣ፤ አበባው ፍሬኑን ደፈጠጠ። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ቴስተሩ ዐሥራ ሦስት ነጥብ ስምንት አለ።

ቀትር ላይ መንደሩ ገቡ። ሰዉ ፍየሎቹን በእሾህ አጥር ሰብስቦ ይጠብቃል። ዙልፋ መርፌዋን ስታዘጋጅ አበባው አስቆማት።

«መጀመሪያ ዲግሪውን ለሁሉም አሳዪ።»

«ኧረ እናምናታለን! የኛው ልጅ አይደለች?» አለ አንድ ሰው ተቆጥቶ።

«ማየት ስድብ አይደለም» አለ አበባው። ትናንት ቢሆን ይህ ቃል ከአፉ አይወጣም ነበር።

ዙልፋ ቴርሞሜትሩን ከፍ አድርጋ አዞረች። ስምንት አልሞላም። «አልሐምዱሊላህ!» አሉ ኡበይደላ፤ የመጀመሪያውን ፍየል ቀንድ ራሳቸው ያዙ።

አበባው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ሲወጣ ስልኩ ጮኸ። ሽፈራው ነበር፤ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው የሞቀ።

«አበልጄ! በሰላም ገባህ?»

አበባው በካርቦን የጠቆሩ ጣቶቹን ተመለከተ። «ገብቻለሁ። ነገ ወልዲያ እመጣለሁ፤ ጆንያውን አንተው ፊት እፈታዋለሁ።»

ሽፈራው የትኛውን ጆንያ ብሎ አልጠየቀም።