የተቆረጠው ቋሚ

አንድ ቋሚ ምን ያህል ሲነቃነቅ ነው ለሰው የሚነገረው?

ኢሕሳን ትከሻዋን እንጨቱ ላይ አስደግፋ እንደገና ገፋች። ከእግሩ ስር፣ በኮንክሪቱና በአፈሩ መካከል፣ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ ተከፈተና ተዘጋ። ወደ ሌላኛው ቋሚ ሄዳ ያንንም በሙሉ ኃይሏ ገፋችው። ንቅንቅ አላለም። ተመልሳ መጣች። ስንጥቁ አሁንም ተከፈተ። ወይስ ስለፈራች ብቻ ነው የሚታያት?

እሑድ ከቀትር በኋላ ነበር። መርሳ በሚገኘው አፀደ ሕፃናት ግቢ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አናጢው አያ አብዱልሐሊም ከላይኛው አግዳሚ ላይ ገመዱን ያስሩና አዲሱ ዥዋዥዌ ለልጆቹ ይከፈታል። ቋሚዎቹን የተከሉት የእነኢሕሳን ትምህርት ቤት የክበብ አባላት ናቸው።

ጉድጓዶቹ የተቆፈሩት ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ነው። አያ አብዱልሐሊም ምስጥ እንዳይበላቸው የሁለቱንም የባሕር ዛፍ ቋሚዎች እግር በተቃጠለ የመኪና ዘይት እስከ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ድረስ አጥቁረዋቸው ነበር። «ጥቁሩ በሙሉ መሬት ይግባ። ከዚያ በኋላ ነው ኮንክሪቱ የሚሞላው» ብለው ወደ ሐራ ገበያ ሄዱ። አንዱን ጉድጓድ ወንዶቹ ወሰዱ፤ ሌላውን ኢሕሳንና ጓደኛዋ ሀጂራ።

«ሴቶቹ እስኪጨርሱ እኛ ወልድያ ደርሰን እንመለሳለን» አለ የክፍላቸው ልጅ አሚር፣ ዶማውን ተደግፎ።

«በአፍህ ነው እንዴ የምትቆፍረው?» አለችው ሀጂራ። ሁሉም ሳቁ።

አርባ ሳንቲ ሜትር ላይ ድጅኖው ጮኾ ነጠረ። አለት ነበር። እጃቸው ውኃ እስኪቋጥር ቀጠቀጡት፤ አልተሰበረም። ወንዶቹ ጨርሰው እያፏጩ ሲሚንቶ ከጠጠር ጋር ማቡካት ጀመሩ። ይሄኔ ሀጂራ ዙሪያዋን አየችና መጋዙን አነሳች።

«ያዢልኝ» አለች።

ኢሕሳን ያዘች። ሀጂራ ከቋሚው ግርጌ አርባ ሳንቲ ሜትር ቆርጣ ጣለች፤ ቁራጩን ከአጥሩ ጀርባ ቦዩ ውስጥ ወረወረችው። ቋሚው ሲተከል ቁመቱ ከወንዶቹ ጋር እኩል መጣ። ጥቁሩም ልክ መሬቱ ጋ አለቀ። አያ አብዱልሐሊም ማታ ተመልሰው ውኃ ልካቸውን አስጠጉና ፈገግ አሉ። «ማሻ አላህ! የእናንተው ነው ይበልጥ ቀጥ ያለው!» ሀጂራ ፊቷ በራ። ኢሕሳን መሬት መሬት አየች።

ኢሕሳን ከጅዳ የመጣችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የመጀመሪያ ቀን አማርኛዋን ሰምተው ክፍሉ ሲስቅባት፣ ከመቀመጫዋ ሸሸት ብላ «ነይ ጅዳ፣ እዚህ ተቀመጪ» ያለቻት ሀጂራ ብቻ ነበረች። እስከ ዛሬም ሌላ ጓደኛ የላትም።

የግቢው በር ተንቋቋ። ሀጂራ ናት።

«ደግሞ መጣሽ? በዚህ ሳምንት ይሄ ሦስተኛሽ ነው።»

«እስቲ ግፊው።»

ሀጂራ ገፋ አደረገችው። «ይኸው፣ ቆሟል።»

«በጣትሽ እኮ ነው የነካሽው።»

«አንቺ ደግሞ በሬ ነሽ እንዴ የምትታገይው? የአምስት ዓመት ልጆች ናቸው የሚወዛወዙበት!»

«ሦስት አራት ሆነው ቢንጠለጠሉበትስ? አግዳሚው የሚወድቀው ራሳቸው ላይ ነው።»

ሀጂራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አያ ክረምቱን እንጨት ቤታቸው ሊያሠሩኝ ቃል ገብተውልኛል» አለች። «ይሄን ከሰሙ ሁለተኛ መጋዝ አያስነኩኝም። አሚር ደግሞ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሙድ ሲይዝብኝ ይኖራል።»

«አብረን እንንገራቸው።»

«አንቺ ጅዳ ሁሉም ነገር በማሽን ሲሠራ አይተሽ ነው የምትፈሪው። እዚህ እንዲህ ነው የሚሠራው!»

ይቺ ነገር ኢሕሳንን አጥንቷ ድረስ ገባቻት። እውነት ቢሆንስ? እዚህ አገር የትኛው ነገር እንደሚያስፈራ፣ የትኛው እንደማያስፈራ ገና አልለየችም።

«ከተናገርሽ» አለች ሀጂራ ወደ በሩ እየሄደች፣ «ወላሂ ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም።»

ኢሕሳን ብቻዋን ቀረች። አንድ ጊዜ ብቻ ልግፋው አለች። ትከሻዋን አስጠጋችና ተወችው። ስንት ጊዜ ገፍታው ነው የምታምነው?

እንጨት ቤቱ ጋ ስትደርስ አያ አብዱልሐሊም የዐስር ሶላት ሰግደው በሩን እየከፈቱ ነበር።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አያ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ነይ ልጄ፣ ምነው ላብ በላብ ሆንሽ?»

«ነገ ገመዱን እንዳታስሩት። የእኛ ቋሚ አርባ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የገባው። አንቱ ሐራ የሄዳችሁ ቀን አለት አገኘን።»

«ጥቁሩ መሬት ገብቶ አይቼዋለሁ እኮ!»

«ከስር ተቆርጦ ነው።»

አያ ቁልፉን ከበሩ ላይ ሳያወጡ ዞረው አዩዋት። «ማን ቆረጠው?»

«እንጨቱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች።

«አለት ሲገኝ» አሉ አያ፣ «ሁለቱም ጉድጓድ ፈንጠር ይላል እንጂ እንጨት አይቆረጥም። ብትደውሉልኝ በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ነበር። አሁን ሁለቱንም ነቅለን ወዲያ ማዶ መትከል ነው። ለአስተማሪዎቹ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።» የቆረጠውን ሰው ድጋሚ አልጠየቁም። ድጅኖውን ከጥግ አወጡ። «ነገ ከትምህርት መልስ ለአንዱ ጉድጓድ ሁለት ቆፋሪ እፈልጋለሁ። አንዷ አንቺ ነሽ።»

ኢሕሳን መንገድ ዳር ቆማ ስልኳን አወጣች። «ለአያ ነግሬያቸዋለሁ። ስምሽን አላነሳሁም። ነገ አዲስ ጉድጓድ እንቆፍራለን፤ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ነይ» ብላ ጻፈች። «ነይ» የምትለዋን አጠፋቻት። መልሳ ጻፈቻትና ላከችው። ወዲያው መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወጣ።

ሰኞ ከትምህርት መልስ አዲሱ ቦታ ላይ መቆፈር ጀመረች። አፈሩ ለስላሳ ነበር። ስልኳን ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጋ አጠገቧ ድንጋይ ላይ አስቀምጣዋለች። ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ድረስ ብቻዋን ቆፍራ ስትጨርስ፣ ስልኩ አንዴም አልጮኸም ነበር።