በቀትር «አቤት» ያልኩ ቀን

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጴንጤ ቤት ያደግሁ፣ ሥራዬም ኮምፒውተር፣ ምክንያት የሌለው ነገር የለም ባይ ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ይሄን ሌላ ሰው ቢያወራኝ ስቄ ነበር የማልፈው።

አዳማ የምሠራበት ክሊኒክ የሕሙማኑን ፋይል በሙሉ የሚያስቀምጠው ውጭ አገር በተከራየነው የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ፋየርዎሉ አልነሳም አለኝ፣ ፋየርዎል ማለት ያው የሰርቨሩ ዘበኛ በሉት፣ የማያውቀው ሰው ቢያንኳኳ መልስ አይሰጥም። አንዲት የተሳሳተች መስመር አገኘሁና አርሜ አስነሳሁት፣ ግን በችኮላ እኛን እንዲያስገባ የሚያዘውን መስመር ረስቼው ኖሮ እኔንም ቅርንጫፎቻችንንም ውጭ ዘጋብን! ፋየርዎሉን አልፎ በሌላ መንገድ የሚያስገባው የይለፍ ቃል አለቃችን ጋ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ ኩየራ መንገድ ላይ ነበር፣ ስልኩም አይሠራም።

ስድስት ሰዓት ላይ ከወለንጪቲ ቅርንጫፍ ነርሷ ደወለች።

«ምሕረትዬ፣ የምትወልድ ሴት ራሷን ስታብኛለች፣ የማይስማማት መድኃኒት እንዳለ አውቃለሁ፣ የትኛው እንደሆነ ግን ፋይሏ ላይ ነው ያለው፣ ቶሎ በይ በናትሽ!»

በእኔ ስህተት ሰው ሊሞት ነው።

ያን ጊዜ የአዳማ ነፋስ እንኳ ጸጥ ብሎ ነበር፣ ከኮሪደሩ አንዲት ሴት «ምሕረት!» ብላ ጠራችኝ። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ የማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልመጣልኝም። ብቅ ብዬ ባይ ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ ዘበኛችን ጋሽ ቱፋ ብቻ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል፣ እሳቸውም ሰምተዋል።

«ዝም በይ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «በቀትር ያላየሽው ሰው ሲጠራሽ አቤት አይባልም።»

እኔ ግን ጨንቆኝ ነበር፣ ማንም ይሁን ማን ብቻ የሚደርስልኝ ፈልጌ «አቤት!» አልኩ።

የኮምፒውተሬ ማራገቢያ ቀጥ አለ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተነሳ፣ ወዲያው ዘግቶብኝ የነበረው ሰርቨር የራሴን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ገባሁ፣ ፋይሉን ለነርሷ በስልክ አነበብኩላት፣ እናትም ልጅም ተረፉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በኋላ የሰርቨሩን መዝገብ ባየው ፋየርዎሉ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ በትእዛዝ እንደቆመ ይናገራል፣ ያዘዘው ግን የለም፣ በዚያች ሰዓት ወደ ሰርቨሩ የገባ ሰው አልተመዘገበም። ለጋሽ ቱፋ ስነግራቸው አልሳቁም።

«ዋቃዮ ይጠብቅሽ፣ አንዴ መልሰሽላታል እኮ» ብቻ አሉ።

አልጸጸትም፣ ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ለዚያች እናት ስል አሁንም አቤት እል ነበር። ግን የማያውቀውን እንዳያስገባ ፋየርዎሉን ባዘዝኩ ቁጥር፣ እኔስ ማንን ነው ያስገባሁት እያልኩ አስባለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ በቀትር ግቢዬ ልብስ ሳሰጣ ያቺው ድምፅ «ምሕረት!» አለችኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ። የአራት ዓመቷ ልጄ ግን፣ ሰው ሲጠራ ዝም አይባልም ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ፣ ከቤት ውስጥ «አቤት!» ብላ መለሰችልኝ።